እርጥቡ ቋጠሮ

ዓባይ ከታች ያልፋል በገደሉ ሆድ፣
ሠርጉን እንደደበቀን አንድ ሩቅ ዘመድ፤
ይታያል፣ ይሰማል፣ አይቀዳም በገመድ።

የኛ ውሃ ሌላ ነው፣ ከሾላው ሥር ያለ፣
ሦስት ክረምት ሲከዳን ሳይከዳ የዋለ፣
ዝም ብሎ ያጠጣን፣ ዝም ብሎ የጎደለ።

ገመዱን የሚጥለው እንየው ይባላል፤
ሰኞ ሰኞ ማለዳ ባርኔጣውን ያወልቃል፣
በየክንዱ የቋጠረውን፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ያንጠለጠለውን
ቁልቁል ይለቀዋል፣
ጆሮውን ከጉድጓዱ አፍ ጥዶ ይጠብቃል።
ሲስበው፣ እርጥቡን ቋጠሮ በሁለት ጣቱ ይይዝና
"ጻፊ" ይለኛል፣ ቀና ሳይል ገና።

እጽፋለሁ፤ በልጄ ደብተር፣ ከማባዣው ሰንጠረዥ ጀርባ፦

የኅዳር ሚካኤል ማግስት — ስምንት ክንድ።
የታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን — ዘጠኝ ተኩል።
ጥምቀት ካለፈ ወዲያ — አሥራ አንድ።

"ስማችን ውሃ ነው፣ የዕድ ውሃ!" ብሎ አንዱ ሳቀ፤
ከሳቁ በኋላ ግን ምላሱ ደረቀ።

ከሾላው ሥር ዋልን፣ ሁለት ቀን ሙሉ።
"ለሰው ይቅደም" አሉ፣ "ከብቶቼስ?" አሉ፣
"ጸሎት ነው የሚያዋጣ፣ ገመድ ምን አባቱ!" አሉ።
ቄስ ልሳነወርቅ መቋሚያቸውን ተከሉና
"ጸሎቱንም እንጸልይ፣ ገመዱንም እንጣል" አሉና
ተቀመጡ።

ለአንድ ቤት ሁለት ጀሪካን። ለአራስ ሦስት።
ሽንኩርት የከርሰ ምድር ውሃ አይጠጣም።
ከጉድጓዱ መቶ እርምጃ ድረስ ባሕር ዛፍ አይቆምም።
ቁልፉ ከአንገቴ ይዋል፣ ከማተቤ ጋራ።

መቶውን እርምጃ የሚቆጥረው መጣ፤
ሰማንያ ላይ ሲደርስ የኔ ዛፍ ወጣ።
ስድሳ ግንድ ነበር፣
ለልጄ ቤት ማገርና ወጋግራ የታሰበ።
እጄን አወጣሁ እኔም፣ ክንዴ ግን ከበደኝ፤
ሲቆረጥ፣ ቅጠሉ እንደ ጉንፋን መድኃኒት ሸተተኝ።

የካቲት። ሰኞ። እንየው ገመዱን ሦስት ጊዜ ጣለ።
"ባንድ ሳምንት ክንድ ተኩል? ጀሪካን ይሄን አይጠጣም" አለ።

ሌሊት አደፈጥን፣ ጋቢ ተከናንበን።
ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ሞተር ሳለ፣
ቤንዚን ሸተተን፣
የሽንኩርት መደብ በጨለማ ሲጠጣ ሰማን።

ቢተው ነው ስሙ፣ የእናቴ ልጅ። ምናለ ቢተው!
"የጓሮዬ ጉድጓድ ነው፣ በእጄ የቆፈርኩት ነው።"
እንየው አልጮኸበትም፦
"አፉ ያንተ ነው፤ ሆዱ ግን የሁላችን ነው።"

"ጻፊ" አለኝ።
የወንድሜን ስም ለመጻፍ
ከአሥራ ሁለት ክንድ በላይ ወረድኩ።

ሞተሩ ክረምት እስኪገባ ከዕቃ ቤት ተቆለፈ፤
እሱም ከተራራው ወገብ ዝናብ ማቆሪያ ሲቆፍር ከረመ፣ ዓይኔን እያለፈ፤
ዐቢይ ጾም በሙሉ "እህቴ" ሳይለኝ አለፈ።

መጋቢት — አሥራ ሁለት ተኩል።
መጋቢት መጨረሻ — ያው።
ሚያዝያ፣ ከፋሲካ ወዲያ — ያው።

ዝናብ አልጣለም። ከብት እየሞተ ነው።
ግን እንዲህ የሚጥም ቃል ጽፌ አላውቅም ነበር።
ያው።

ዛሬ ሰኞ ነው። እንየው የለም፤
ዓይኑን ሊታከም ብቸና ሄዷል።
ቢተው መጣ፣ ዶማውን ከሾላው አስደግፎ።
መዳፉ ውሃ ቋጥሯል።
ገመዱን ከእጄ ተቀበለ።
"ወርዷል እንዴ?" አለኝ፣ ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ።

"እንየው" አልኩት።
ሰውየውን መጥራቴ አልነበረም።
ጎንበስ አልን፣
ሁለታችን፣ በአንድ አፍ ላይ።